ረጅም ሹፌር፣ ሰፊ ቤተሰብ፦ ልክዎ የሆነ መኪና እንዴት ይመረጣል?

ቁመቴ 1 ሜትር ከ93 ነው። ሚስቴ 1 ሜትር ከ60 ናት። ልጆቻችን ወደ እኔ አድልተዋል። መኪና ልንገዛ ነው ስንል ሰው ሁሉ የሚያነሳው ስለ ዋጋ፣ ስለ ባትሪና ስለ መለዋወጫ ነው። ተገቢ ነው፤ እነዚህን መጠየቅ ግድ ነው። ነገር ግን ጉልበትዎ ከመሪው ሥር ከተወተፈ፣ አንገትዎ ጎብጦ የሚነዱ ከሆነ፣ ከኋላዎ የተቀመጠው ልጅም እግሩን የሚያሳርፍበት ካጣ፣ ያ መኪና ምንም ያህል ርካሽ ቢሆን ለእናንተ ቤት አልተሠራም።

«ረጅም ሰው ትልቅ መኪና ይግዛ» የሚለው ምክር ብዙ አይረዳም። ከውጭ ሲታይ ግዙፍ፣ ከውስጥ ግን ጠባብ የሆነ መኪና ሞልቷል። ከውጭ ትንሽ መስሎ ጣሪያው ራስ የማይነካም አለ። የእኔ መለኪያ አንድ ነው፦ እርስዎ በትክክል ተቀምጠው እየነዱ ከእርስዎ ጀርባ ሰው ይቀመጣል ወይስ አይቀመጥም? ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን አንድ ጥያቄ ለመመለስ ነው።

በአገራችን ጥያቄው አዲስ መልክ ይዟል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ አዲስ ገቢ የሚፈልግ ሰው ምርጫው ኤሌክትሪክ ሆኗል። በነዳጅ የሚሠራ የሚፈልግ ደግሞ አገር ውስጥ ካለው ያገለገለ መኪና ይመርጣል። ሁለቱ ለረጅም ሰው የሚያመጡት ችግር የተለያየ ነው።

1. ከቤት ሳይወጡ ራስዎን ይለኩ

ረጅም ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከወገቡ በላይ ይረዝማል። ሌላው ቅልጥመ ረጅም ነው። ጎን ለጎን ሲቆሙ እኩል ናቸው፤ መኪና ውስጥ ሲገቡ ግን አንዱ ጣሪያ ይነካል፣ ሌላው ጉልበቱን የሚያደርግበት ያጣል።

ጀርባዎን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ወለል ላይ ይቀመጡ። መቀመጫዎ ግድግዳውን ይንካ። ሰው ጠንካራ መጽሐፍ አናትዎ ላይ አጋድሞ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ምልክት ያድርግልዎት። ከወለሉ እስከ ምልክቱ ያለው ቁጭ ሲሉ ያለዎት ቁመት ነው። ቁመታቸው 1 ሜትር ከ90 የሆነ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ 93 ሴንቲ ሜትር፣ ሌላው 1 ሜትር ሊወጡ ይችላሉ። የ7 ሴንቲ ሜትር ልዩነት መኪና ውስጥ በጣም ብዙ ነው። ለአንዱ ከአናቱ በላይ ጥሩ ክፍተት ሲተርፍለት፣ ሌላው ጸጉሩ ጣሪያውን እየጠረገ ይነዳል።

ከዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ከመቀመጫዎ ጫፍ እስከ ጉልበትዎ ፊት ድረስ ይለኩ። ይህ ቁጥር ከኋላዎ የሚቀመጠውንም ሰው ዕጣ ይወስናል። እርስዎ ወንበሩን ወደ ኋላ በገፉ ቁጥር የሚከፍለው እሱ ነውና።

ሁለቱን ቁጥሮች ስልክዎ ላይ ይጻፉ። ከሥራቸው ቤተሰቡን ይዘርዝሩ። ሕፃን አለ? በልጅ መቀመጫ የሚሄድ አለ? አሥራዎቹ ውስጥ ገብቶ መምዘዝ የጀመረ ልጅ አለ? ቅዳሜና እሁድ ይዘዋቸው የሚወጡ አባት ወይም እናት አሉ? ጉልበታቸውን የሚያማቸው ከሆነ ይህንንም ይጻፉ። ደላላው ፊት ቆመው ለማስታወስ ከመሞከር የተጻፈው ይሻላል።

2. ቁጥር ሲያነቡ የትኛውን ማመን እንዳለብዎ ይወቁ

ከመኪናው ጠቅላላ ርዝመት ይልቅ ዊልቤዙን ያስቀድሙ። ከፊተኛው ጎማ መሃል እስከ ኋለኛው ጎማ መሃል ያለው ርቀት ማለት ነው። የሰው መቀመጫ በአብዛኛው የሚያርፈው እዚህ መሃል ስለሆነ ስለ እግር ቦታ ከሁሉ የተሻለ ፍንጭ ይሰጣል።

መንገዳችን ላይ ከምናያቸው ልጥቀስ። የድሮው ቪትዝ 237 ሴንቲ ሜትር ነው። ሱዙኪ ዲዛየር 245፣ ቢዋይዲ ሲጋል 250፣ የ2000ዎቹ መጀመሪያ ኮሮላ 260። ቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ 272 ይደርሳል። ቮልስዋገን አይዲ 4 እና ቢዋይዲ ሶንግ ፕላስ ሁለቱም 276.5 ናቸው። ቶዮታ ቢዚ4ኤክስ 285፣ አይዲ 6 ደግሞ 296.5። ባለ ሰባት ሰው የሆነው ሱዙኪ ኤርቲጋ፣ ያ ሁሉ ሰው የሚጫንበት፣ 274 ነው።

እዚህ ላይ ፕራዶን ላንሳ፤ ብዙ ረጅም ሰው የሚመኘው እሱን ነውና። የቅርቡን አዲስ ሞዴል ትተን ዊልቤዙ 279 ነው። ከአይዲ 4 የሚበልጠው በ2.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው ማለት ነው። ፕራዶ አካሉ በብረት ሻሲ ላይ የተጫነ መኪና ስለሆነ ወለሉ ከፍ ይላል። ከፊት ያለው ረጅም ኮፈንም የሞተር እንጂ የእግርዎ ቦታ አይደለም። ለገጠር መንገድ፣ ለጭቃና ለዳገት ወደር የለውም፤ በዚህ አልከራከርም። ለስፋቱ ብቻ ብሎ ያን ሁሉ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ግን መጀመሪያ ገብቶ ይቀመጥበት።

በማስታወቂያ ወረቀት ላይ የሚጻፈውን የራስና የእግር ቦታ ቁጥር በጥንቃቄ ያንብቡት። የፊት እግር ቦታ የሚለካው ወንበሩ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ተገፍቶ ነው። የኋላው ሲለካ ግን የፊት ወንበሩ እንደዚያ ተገፍቶ አይደለም። ስለዚህ ሁለቱም ቁጥሮች ትልቅ ሆነው ሳለ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማግኘት ላይቻል ይችላል። የራስ ቦታ የሚባለውም ከዳሌ መገጣጠሚያ ተነሥቶ ሌላ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ተደምሮበት የሚጻፍ ነው። እቤት ግድግዳ ላይ ከለኩት ጋር በቀጥታ አያወዳድሩት። አንዱን መኪና ከሌላው ጋር ለማወዳደር ግን ይጠቅማል።

ስለ ኤሌክትሪክ መኪና አንድ ነገር ይያዙ። ባትሪው የተነጠፈው ከወለሉ ሥር ነው። ጥሩ ጎኑ፣ ከፊት ትልቅ ሞተር ስለሌለ ጎማዎቹ ወደ ጫፍና ጫፍ ይገፋሉ፤ ዊልቤዙ ይረዝማል። ወለሉም ከኋላ መሃል ላይ ጉብታ የለውም፤ ሦስተኛው ሰው እግሩን ዘርግቶ ይቀመጣል። መጥፎ ጎኑ፣ ወለሉ ከፍ ብሎ መቀመጫው አብሮት ካላለ ጉልበት ወደ ላይ ይወጣል። ጭን ከወንበሩ ላይ ይነሣል፤ ክብደት ሁሉ መቀመጫ ላይ ያርፋል። ይህ በተለይ ዝቅ ባሉ ሴዳኖች የኋላ ወንበር ላይ ይብሳል። ፎቶ ላይ በፍጹም አይታይም። ተቀምጦ ብቻ ነው የሚታወቀው።

3. ገብተው ሲቀመጡ ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ

ትልቁ ሥራ እዚህ ነው። አይቸኩሉ። ሻጩ ስለ ስክሪኑ ስፋት ሲያስረዳዎ በአክብሮት ያዳምጡ፤ ከዚያ «ወንበሩን ላስተካክል» ይበሉ። አንዳንድ ከቻይና በቀጥታ የመጡ መኪኖች ስክሪናቸው ገና በቻይንኛ ስለሚሆን ማስተካከያው የት እንዳለ አስቀድመው ይጠይቁ። ዘወትር የሚነዱበትን ጫማ አድርገው ይሂዱ፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ወንበሩን እስከ መጨረሻው ዝቅ ያድርጉና ወደ ኋላ ይግፉት። መቀመጫዎን ወንበሩ ጥግ ድረስ ያስገቡ። አሁን ወደ ፊት እየሳቡ ፍሬኑን በቀኝ እግርዎ እስከ መጨረሻው ይርገጡ። ረግጠው ሳለ ጉልበትዎ በትንሹ መታጠፍ አለበት። ቀጥ ብሎ ከተዘረጋ ርቀዋል። በግጭት ጊዜ ቀጥ ያለ እግር ምቱን በቀጥታ ወደ ዳሌ ያስተላልፋል። ማንዋል ከሆነ ፍሪሲዮኑን በግራ እግርዎ ረግጠው ይሞክሩ። ወንበሩ እስከ መጨረሻው ተገፍቶም ጉልበትዎ በጣም የሚታጠፍ ከሆነ መፍትሔ የለውም፤ ያ መኪና ከዝርዝርዎ ይውጣ።

ቀጥሎ ከፍታው ነው። በአናትዎና በጣሪያው መሃል ጭብጥዎን ያስገቡ። ጭብጥ ከገባ ደህና ነው። አራት ጣት ብቻ ከገባ ይጠራጠሩ፤ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ሲዘሉ እነዚያ ጣቶች ይጠፋሉ። ቀና ብለው ብቻ አይለኩ። መስቀለኛ ላይ የሚመጣውን መኪና እንደሚያዩ ሆነው ወደ ፊትና ወደ ግራ ያዘንብሉ። ጣሪያው ወደ በሩ ሲጠጋ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ረጅም ሰው ራሱን የሚመታው ብዙ ጊዜ እዚያ ጋ ነው።

ሰንሩፍ (ጣሪያው ላይ ያለው መስታወት) ካለ በደንብ ይዩት። የሚከፈተው ዓይነት መስታወቱና ሐዲዱ የሚያርፉበት ቦታ ስለሚያስፈልገው ጣሪያውን በጥቂት ሴንቲ ሜትር ያወርደዋል። የማይከፈተው፣ ወጥ መስታወት የሆነው ግን አንዳንድ ጊዜ እንዲያውም ቦታ ይጨምራል። ስለዚህ ያው አንድ ሞዴል፣ ሰንሩፍ ያለውና የሌለው፣ ለእርስዎ ሁለት የተለያዩ መኪኖች ናቸው።

የወንበሩን ጀርባ ያቁሙ። ትከሻዎ ወንበሩን ሳይለቅ እጅዎን ወደ ፊት ሲዘረጉ የእጅ አንጓዎ የመሪው አናት ላይ ማረፍ አለበት። ረጅም ሰዎች ጣሪያ ሲጠባቸው ወንበሩን አጋድመው ተኝተው ይነዳሉ። ይህን አይልመዱ። ቀበቶው ከትከሻ ይላቀቃል፤ ግጭት ሲደርስ ሰውነት ከሥሩ ሊሾልክ ይችላል። ጣሪያውን ለማምለጥ መተኛት ካስፈለገ መኪናው አልበቃዎትም ማለት ነው።

አሁን መሪው። ሰው ከሁሉ አሳንሶ የሚያየው ይህን ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ አስበልጬ የማየው እሱን ነው። መሪው ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው ወይስ ወደ ደረትዎም ይሳባል? የማይሳብ ከሆነ ረጅም እግር ያለው ሰው ወጥመድ ውስጥ ይገባል። እግሩ እንዲመቸው ወንበሩን ሲገፋ መሪው ይርቀዋል። መሪው እንዲደርሰው ሲጠጋ ጉልበቱ ይጋጫል። አገር ውስጥ ካሉት የቆዩ ቪትዞችና ኮሮላዎች ብዙዎቹ መሪያቸው አይሳብም። በአዲሶቹ ላይ በአብዛኛው ይሳባል፤ ሆኖም የሞዴሉ ርካሽ ዓይነት ላይ ሊቀር ይችላል። ማስፈቻውን ከመሪው ሥር በእጅዎ ይፈልጉና ይሳቡት። ሲጨርሱ በደረትዎ አጥንትና በመሪው መሃል ቢያንስ 25 ሴንቲ ሜትር ይኑር፤ ኤርባጉ ሲፈነዳ የሚያስፈልገው ርቀት ነው።

ቀኝ እግርዎን ከፍጥነት ፔዳሉ ወደ ፍሬን፣ ከፍሬን ወደ ፍጥነት ደጋግመው ያመላልሱ። ጉልበትዎ የመሪውን ታች ይነካል? የጫማዎ አፍንጫ ከዳሽቦርዱ ሥር ካለው ነገር ጋር ይጋጫል? 45 ቁጥርና ከዚያ በላይ የሚያደርግ ሰው አንዱን ፔዳል ሲረግጥ የሌላውን ጠርዝ እንዳይነካ ይጠንቀቅ። የቀኝ ጉልበትዎ ጎን መሃል ላይ ካለው ሳጥን ጋር የሚደገፍ ከሆነ እዚያ ጋ ያለውን በእጅዎ ይዳስሱ። ለስላሳ ነው ወይስ ጠርዝ ያለው ጠንካራ ፕላስቲክ? ሐዋሳ ድረስ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ጉልበትዎ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው።

ዓይንዎ የሚያየውንም ይፈትሹ። ጌጁ ሙሉ ለሙሉ ይታያል? ቢዚ4ኤክስ ላይ ጌጁ ወደ ፊት ርቆ፣ ከመሪው በላይ እንዲታይ ሆኖ ነው የተሠራው። መሪውን ዝቅ አድርጎ ለሚነዳ ሰው ግሩም ነው። ጉልበቱ እንዳይነካ መሪውን ከፍ ማድረግ የሚፈልግ ረጅም ሰው ግን መሪው ራሱ ጌጁን ሊሸፍንበት ስለሚችል ተቀምጦ ማየት አለበት። መሃል ላይ የተሰቀለው ስፖኪዮ ወደ ቀኝ ያለውን እይታ ይጋርዳል? የትራፊክ መብራት ሥር ሲቆሙ መብራቱን ለማየት አንገት መስበር ያስፈልግዎታል? በየቀኑ በየመብራቱ ጎንበስ ቀና ማለት አንገት ያደክማል።

በመጨረሻ የራስ መደገፊያው። አናቱ ከራስዎ አናት ጋር ቢስተካከል ጥሩ ነው፤ ቢያንስ ግን ከጆሮዎ በላይ መድረስ አለበት። ከራስዎ ጀርባ ያለው ክፍተትም ከ10 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ። ከኋላ ሲገጩ አንገትን የሚያድነው ይህ ነው። ዩዋን ፕላስ፣ ዶልፊንና ሲጋልን የመሳሰሉት ላይ የፊት ወንበሩና የራስ መደገፊያው አንድ ወጥ ናቸው። ያምራሉ፤ ግን መደገፊያውን ከፍ ማድረግ አይቻልም። ከወገብዎ በላይ የሚረዝሙ ሰው ከሆኑ መደገፊያው የት ላይ እንደሚያርፍ ከጎን ሆኖ ሰው ይይልዎት፤ ፎቶም ያንሣዎት። ማጅራትዎ ላይ ከሆነ ይተዉት።

4. ወንበሩን ሳይነኩ ወርደው ከራስዎ ጀርባ ይቀመጡ

ሾውሩም ውስጥ የፊት ወንበሮች ብዙ ጊዜ ወደ ፊት ተስበው ነው የሚጠብቁዎት። የኋላ በር ሲከፈት ቦታው ሜዳ ይመስላል። ሚስት «አቤት ስፋቱ!» ትላለች፤ ልጆች ይንጫጫሉ፤ ልብ ይማረካል። ይህ ስፋት ግን የአጭር ሰው መኪና ስፋት ነው። እርስዎ ለራስዎ ያስተካከሉት ወንበር እንዳለ ይቆይ፤ ሻጩም ሌላ ሰውም እንዳይነካው ይናገሩ። ከዚያ የኋላውን በር ከፍተው በቀጥታ ከእሱ ጀርባ ይግቡ።

ጉልበትዎ የፊት ወንበሩን ጀርባ ከነካ፣ አሥራዎቹ ውስጥ ያለው ልጅዎ ነገ የሚደርስበት ይህ ነው። የረጅም ሰው ልጅ ቶሎ ይመዘዛል። መኪና ደግሞ እኛ አገር ለዓመታት የሚቆይ ንብረት ነው። የዛሬውን ሳይሆን ከአራት ወይም ከአምስት ዓመት በኋላ የሚሆነውን ቁመት ያስቡ።

ጫማዎን ከፊት ወንበሩ ሥር ለማስገባት ይሞክሩ። በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀስ ወንበር እስከ ታች ሲወርድ ሞተሩና ሐዲዱ መግቢያውን ይዘጉታል። እግር ከገባ ጉልበት ይዝናናል፤ ካልገባ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ትርፍ ቢኖርም አይጠቅምም። ከዚያ ጭንዎን ይመልከቱ። ወንበሩ ላይ አርፏል ወይስ በአየር ላይ ተንጠልጥሏል? ቅድም ያልኩት የወለል ከፍታ ጉዳይ እዚህ ይገለጣል።

ሕፃን ካለዎት የልጅ መቀመጫውን ይዘው ይሂዱ። ሳያፍሩ ይዘው ይሂዱ። ሕፃናት ቢያንስ እስከ ሁለት ዓመታቸው፣ ከተቻለም ከዚያ በላይ፣ ፊታቸውን ወደ ኋላ አዙረው ነው መሄድ ያለባቸው። ያ መቀመጫ ደግሞ ወደ ኋላ ያጋደለ ስለሆነ ብዙ ቦታ ይበላል። ከረጅም ሹፌር ጀርባ ብዙ ጊዜ አይገባም። ከተሳፋሪው ጀርባ ያድርጉትና የፊት ተሳፋሪው ወንበር ምን ያህል ወደ ፊት እንደሚገፋ ይዩ። እዚያ የምትቀመጠው ሚስትዎ ጉልበቷ ዳሽቦርድ ላይ መድረስ የለበትም። አይሶፊክስ የሚባለው፣ የልጅ መቀመጫውን ከመኪናው ጋር የሚያያይዘው ማሰሪያ የት የት እንዳለ በእጅዎ ይፈልጉ፤ ብዙ መኪና ላይ መሃለኛው ቦታ የለውም። ትልልቆቹ ልጆች ቁመታቸው 145 ሴንቲ ሜትር ገደማ እስኪደርስ ከፍ የሚያደርግ መቀመጫ ያስፈልጋቸዋል። እሱ ደግሞ ከፍ ስለሚያደርጋቸው ለእነሱም የጣሪያውን ቦታ ይመልከቱ።

ሦስተኛ ረድፍ ያለው መኪና ከሆነ እንደ አይዲ 6 ያለው ላይ ሁለተኛው ረድፍ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መንቀሳቀሱን ያረጋግጡ። እርስዎ ከፊት በልክዎ፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ልጅ በልኩ፣ ከዚያ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ማን እንደሚቀመጥ በቦታው ይሞክሩት። ሦስቱንም ረድፍ በአንድ ጊዜ ሰው ሳያስቀምጡ «ሰባት ሰው ይይዛል» የሚለውን አይቀበሉ። አያት የሚያሳፍሩ ከሆነ እሳቸውንም ይዘው ይሂዱ። ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ የበሩን እጀታ ይዘው፣ ሳይደገፉ መግባትና መውጣት ከቻሉ መኪናው ለቤተሰቡ ይሆናል።

5. በሩን ጠባብ ቦታ ላይ ይሞክሩት

ረጅም ሰው ለመግባት በሩን በሰፊው መክፈት አለበት። ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ በሁለት መኪና መሃል ሲያቆሙ ግን የሚያገኙት ግማሽ ክፍት ነው። በሩን በግማሽ ከፍተው ይግቡ፤ ይውጡ። ግንባርዎ የፊት ምሰሶውን እንዳይመታ፣ ጉልበትዎ መሪው ላይ እንዳይቀር ይዩ።

6. ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይንዱት

አምስት ደቂቃ ሁሉም መኪና ይመቻል። የሰውነት ቅሬታ የሚጀምረው ከሃያ ደቂቃ በኋላ ነው። ስለዚህ ግማሽ ሰዓት ይለምኑ፤ ከቻሉ ከዚያ በላይ። ኮብልስቶን ያለበት ሰፈር ይግቡ፣ ጉብታ ላይ ይውጡ፣ አደባባይ ይዙሩ፣ ቀለበት መንገድ ላይ ፈጠን ይበሉ። ቤተሰቡ በሙሉ አብሮ ይጫን። ባዶውን የሚዘል መኪና ሰው ሲጫን ይረጋል፤ ሌላው ደግሞ ሰው ሲጫን ጉብታ ላይ ሆዱ ይነካል። ባትሪው ከሥር ላለ መኪና ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ስለ ክብደት ካነሳን፣ ሰባት አዋቂ በአማካይ 70 ኪሎ ቢሆን 490 ኪሎ ነው። ሻንጣና ጆንያ ሳይጨመር። የብዙ ቤተሰብ መኪኖች የመጫን አቅም ከ500 ኪሎ ብዙም አይርቅም። ክፍለ ሀገር ለበዓል ወጥተው ጤፍ ጭነው የሚመለሱ ከሆነ ይህን ሒሳብ አስቀድመው ይሥሩ። ሦስተኛው ረድፍ ሲነሣ ከጀርባው ለዕቃ የሚተርፈው ቦታም ጥቂት ነው።

ሲወርዱ ሦስት ቦታ ያዳምጡ፦ ወገብዎን፣ ቀኝ ጭንዎንና አንገትዎን። አንዱ ካጉረመረመ ወንበሩን አስተካክለው እንደገና ይሞክሩ። አሁንም ካመመዎት በመግዛት አይሻሻልም።

7. የሚስተካከለውንና የማይስተካከለውን ይለዩ

አንዳንድ ቦታ የሚጠፋው በፋብሪካው ሳይሆን እኛው በምንጨምረው ነው። ወፍራም የወንበር ልብስ ሲለበስ መቀመጫው ከፍ ይላል፤ ለረጅም ሰው እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ዋጋ አለው። ከዚህ የባሰው፣ ጎኑ ላይ ኤርባግ ያለው ወንበር በማይሆን ልብስ ሲሸፈን ኤርባጉ እንደሚገባ ላይወጣ ይችላል። ወለሉ ላይ የሚነጠፈው ድርብርብ የቆዳ ምንጣፍም ተረከዝን ያነሣል፤ ከተንሸራተተ ደግሞ ፔዳል ሥር ይገባል። ሁለቱንም አስወልቀው እንደገና ይቀመጡ። ያገለገለ መኪና «ጠበበኝ» ብለው ከመተዎ በፊት ይህን ያድርጉ።

የወንበር ስፖንጅ በባለሙያ መቀነስ ይቻላል፤ ግን ድጋፉን እንዳያጠፋ ጥቂት ብቻ። የወንበር ሐዲድ ቆርጦ በብየዳ ወደ ኋላ ማራዘም ግን በፍጹም አይሞከር። ግጭት ሲደርስ እርስዎን ከመኪናው ጋር የሚያይዘው እሱ ነው። የማይሳብ መሪ፣ የማይነሣ የራስ መደገፊያና ዝቅ ያለ ጣሪያም በገንዘብ የሚፈቱ አይደሉም።

ታዲያ የቱን ልግዛ ለሚል የእኔን ሐሳብ ልናገር። አራት ወይም አምስት ሰው ሆነው አዲስ ገቢ ለሚፈልጉ አይዲ 4፣ ሶንግ ፕላስና ቢዚ4ኤክስ ያሉበት መደብ ላይ ይጀምሩ፤ ከዚያ በታች መውረድ ለረጅም አባት ቤት አይመከርም። ስድስትና ሰባት ከሆኑ አይዲ 6ን ያስቀድሙ። በነዳጅ የሚሠራ ለሚፈልግና በጀቱ መካከለኛ ለሆነ ኤርቲጋ ከግምት በላይ ሰፊ ነው። ቪትዝ ላይ ጣሪያው ከፍ ያለ ስለሆነ ለብቻው ለሚነዳ ረጅም ሰው ይቻላል፤ ከጀርባው ግን ሰው አይቀመጥም። ይህ ሁሉ መነሻ ነው እንጂ ሰውነትዎ ከእኔ የተለየ ስለሆነ ፍርዱን ከላይ ያለው ሙከራ ይስጥ።

8. የሞከሩትን መኪና ራሱን ይግዙ

አንድ ስም ያለው መኪና በተለያየ ደረጃ ይመጣል። አንዱ ወንበሩ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ሌላው አይልም። አንዱ ሰንሩፍ አለው፤ ሌላው የለውም። የሞከሩት ሌላ፣ የሚረከቡት ሌላ ከሆነ እስካሁን የለካችሁት ሁሉ ባዶ ነው። «ያው ነው፣ ቀለሙ ብቻ ነው የሚለየው» ሲባሉ የሻሲ ቁጥሩን ይጻፉ፤ የሚፈርሙበት ውል ላይ ያ ቁጥር መኖሩን ይዩ። ሰነዶች ማረጋገጫ ከመሄድዎ በፊት የሚረከቡት መኪና ውስጥ እንደገና ይግቡ። ወንበሩን ያስተካክሉ፣ መሪውን ይሳቡ፣ ጭብጥዎን ከአናትዎ በላይ ያስገቡ፣ ከዚያ ወርደው ከኋላ ይቀመጡ። ባለቤትዎም የራሷን ልክ ትሞክር። ወንበሩ ልክዎን የሚያስታውስ ቁልፍ ካለው አንደኛውን ቁልፍ ለእርስዎ፣ ሁለተኛውን ለእሷ እዚያው ያስመዝግቡ።